ሳይመዘገብ የሚገድል እርግዝና፦ ከማህፀን ውጪ እርግዝና፣ የሐረር የጤና ሥርዓት እና ከሕክምናው በኋላ ያለው ማገገም

ባለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት በኢትዮጵያ የእናቶች ሞት ቀንሷል። እ.ኤ.አ. በ2000 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ በሕይወት ከሚወለዱ 100,000 ሕፃናት አንጻር 871 እናቶች ይሞቱ ነበር፤ በ2016ቱ ጥናት ቁጥሩ ወደ 412 ወርዷል። በሌላ ስሌት የሚሠሩት የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ለ2020 ያስቀመጡት ግምት 267 ነበር። ከለውጡ ጋር ስማቸው የሚነሳ ሥራዎች ይታወቃሉ፦ በጤና ተቋም መውለድ፣ የወረዳ አምቡላንስ፣ የእናቶች ማቆያ፣ ያለ ክፍያ የሚሰጥ የማዋለድ አገልግሎት። እነዚህ ሁሉ የተዘጋጁት ለምጥ ቀን ነው።

ከማህፀን ውጪ የሚፈጠር እርግዝና ግን ምጥ የለውም። አደጋው የሚመጣው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ ብዙውን ጊዜ የመጨረሻው የወር አበባ ከታየ ከ6ኛው እስከ 8ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ያኔ ሴትየዋ የክትትል ካርድ አላወጣችም፤ ለቤተሰቧ አልነገረችም፤ ብዙ ጊዜም ማርገዟን ራሷ አላወቀችም። በ2016ቱ ጥናት ከ4ኛው ወር በፊት የእርግዝና ክትትል የጀመሩት ሴቶች 20 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅት የመጀመሪያው ክትትል በ12 ሳምንት ውስጥ እንዲሆን ይመክራል፤ ለዚህ ችግር ግን 12ኛው ሳምንትም የዘገየ ነው።

ችግሩን በሐረር ከተማና በዙሪያዋ መመልከት የሚጠቅመው በሚከተለው ምክንያት ነው። ከተማዋ ሆስፒታሎች፣ የሕክምና ኮሌጅ እና የደም ባንክ አላት። ሴቶች ግን ወደ እነዚህ ተቋማት የሚደርሱት በአብዛኛው የማህፀን ቱቦው ከፈነዳ በኋላ ከሆነ፣ የጎደለው ሐኪም ወይም መሣሪያ ብቻ አይደለም ማለት ነው። የጎደለው እርግዝናን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ የሚቆጥር ሥርዓት ነው። ከሕክምናው በኋላ ያለው ማገገም ችላ የሚባለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ቱቦው ውስጥ የሚሆነው

የሴቷ እንቁላልና የወንዱ ዘር የሚገናኙት በማህፀን ቱቦ ውስጥ ነው። የቱቦውን ውስጥ የሸፈኑት ፀጉር መሰል ጥቃቅን ክሮችና የግድግዳው ጡንቻ ጽንሱን እየገፉ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ ማህፀን ያደርሱታል። ይህ ጉዞ ከተሰናከለ ጽንሱ በደረሰበት ይጣበቃል። ከማህፀን ውጪ ከሚፈጠሩ እርግዝናዎች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ቱቦ ውስጥ ይገኛሉ። የቀሩት በእንቁላል እጢ፣ በማህፀን አንገት፣ በቀድሞ የቀዶ ሕክምና ጠባሳ ላይ ወይም በሆድ ዕቃ ውስጥ ያድጋሉ። በጥቅሉ ከ100 እርግዝናዎች 1 ወይም 2 እንዲህ ይሆናሉ ተብሎ ይገመታል።

ማህፀን ለጽንስ ይለጠጣል፤ ቱቦ ግን አይለጠጥም። ጽንሱ እያደገ ሲሄድ የቱቦውን ግድግዳ ይበላል፤ ደም ስሮቹን ይበጥሳል፤ በመጨረሻም ቱቦው ይፈነዳል። ደሙ የሚፈሰው ወደ ሆድ ዕቃ ስለሆነ ከውጭ የሚታየው ጥቂት ጠብታ ሊሆን ይችላል። የአንዲት ሴት 1 ሊትር ደም በሆዷ ውስጥ ፈስሶ ልብሷን እንኳ ላይነካ ይችላል። ደሙ ከሳንባ በታች ያለውን ስስ ጡንቻ ሲቆጠቁጥ ሕመሙ በትከሻ ጫፍ ላይ ይሰማል፤ ብዙዎች የሚዘናጉትም በዚህ ምልክት ነው።

ባለሙያንም የሚያሳስት ነገር አለ። ወጣትና ጤናማ የሆነች ሴት ሰውነት ደም ሲጎድለው የልብ ምትን ጨምሮ፣ የእጅና የእግር ደም ስሮችን አጥብቦ የደም ግፊትን ለተወሰነ ጊዜ ይዞ ይቆያል። ከጠቅላላ ደሟ 30 በመቶ ያህሉ እስኪፈስ ድረስ ግፊቷ ደህና ሊመስል ይችላል። ስለዚህ «ግፊቷ ጥሩ ነው» ተብላ ወረፋ ላይ የተቀመጠች ሴት በደቂቃዎች ውስጥ ልትወድቅ ትችላለች። ከግፊቱ ቀድመው የሚናገሩት የልብ ምት ፍጥነት፣ የእጅ ቅዝቃዜ፣ የፊት መገርጣትና ስትነሳ የሚያዞራት መሆኑ ናቸው።

ከማህፀን ውጪ ያለ ጽንስን አንስቶ ወደ ማህፀን ማዛወር አይቻልም። ቤተሰብ ይህን መጠየቁ ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን አንድ ነው። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 551 የእናቲቱን ሕይወት የሚያሰጋ እርግዝና በሕክምና እንዲቋረጥ ይፈቅዳል። ስለዚህ በዚህ ሕክምና ላይ ሐኪምም ሆነ ቤተሰብ ሕጉን ፈርቶ የሚዘገይበት ምክንያት የለም።

መንስኤው እና ያልተገባ ወቀሳ

ዋናው መንስኤ የቱቦ መጎዳት ነው። ክላሚዲያና ጨብጥ በጊዜው ካልታከሙ ወደ ላይ ወጥተው የማህፀንና የቱቦ ኢንፌክሽን ያስከትላሉ፤ ሲድኑም ጠባሳ ጥለው ይሄዳሉ። ክላሚዲያ በአብዛኞቹ ሴቶች ላይ ምልክት አያሳይም። በአገራችን የአባላዘር በሽታዎች ሕክምና በዋናነት በምልክት ላይ የተመሠረተ ነው፦ ፈሳሽ ወይም ቁስል ያየ ባለሙያ መድኃኒት ያዛል። ዘዴው ላቦራቶሪ በሌለበት ጤና ጣቢያ ሕክምናን ለማድረስ ጠቅሟል፤ ምልክት የሌላትን ሴት ግን አያገኛትም። ባል ሳይታከም ሚስት ብቻ ስትታከም ደግሞ በሽታው ይመለሳል። የሳንባ ነቀርሳ ተሕዋስም ወደ ማህፀን አካባቢ ሲደርስ ቱቦን ይጎዳል።

ቀደም ሲል ከማህፀን ውጪ ያረገዘች፣ በቱቦዋ ላይ ቀዶ ሕክምና የተደረገላት፣ ለመፀነስ ሕክምና የወሰደች ወይም የምታጨስ ሴት ዕድሏ ከፍ ይላል። ስለ ሉፕ (በማህፀን ውስጥ ስለሚቀመጠው የወሊድ መከላከያ) የሚነገረውን መለየት ያስፈልጋል። ሉፕ እርግዝናን ስለሚከላከል በጥቅሉ የዚህ ችግር ቁጥር እንዲቀንስ ያደርጋል። ሉፕ እያለ እርግዝና ከተፈጠረ ግን ከማህፀን ውጪ የመሆን ዕድሉ ከሌላ ጊዜ ይበልጣል። መልእክቱ ሉፕ አትጠቀሙ ሳይሆን፣ ሉፕ እያለ የእርግዝና ምልክት ከታየ ሳይዘገዩ መመርመር ነው።

ከሚታመሙት ሴቶች ግማሽ ያህሉ ከእነዚህ መንስኤዎች አንዱም አይገኝባቸውም። «ምን አንስተሽ ነው? ምን በልተሽ ነው?» የሚለው የቤተሰብ ጥያቄ የሕክምና መሠረት የለውም። ውሃ መቅዳት፣ ጀሪካን መሸከም፣ መንገድ መሄድ ጽንስን ቱቦ ውስጥ አያስቀርም። የቀድሞ ኢንፌክሽንም ቢሆን ለወቀሳ አይሆንም፤ ብዙ ጊዜ ከትዳር ውስጥ የተገኘ፣ ምልክት ያልነበረው በሽታ ነው።

ሰዓቱ የሚባክንበት ቦታ

እ.ኤ.አ. በ1883 በበርሚንግሃም የሠራው ሎውሰን ቴት የተባለ ቀዶ ሐኪም የፈነዳ ቱቦን ቆርጦ በማውጣት አንዲትን ሴት አድኗል። ከዚያ በፊት የዚህ ሕመም መጨረሻ በአብዛኛው ሞት ነበር። ዘዴው በመሠረቱ ቀላል ነው፦ ሆድን መክፈት፣ የሚደማውን ቱቦ መያዝና ማሰር። እንዲህም ሆኖ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ አንድ ግምገማ በአፍሪካ አገሮች ሆስፒታሎች በዚህ ሕመም ከታከሙት መካከል ከ1 እስከ 3 በመቶ የሚሆኑት እንደሚሞቱ፣ ይህም ካደጉት አገሮች 10 እጥፍ እንደሚሆን አሳይቷል። በአገራችንም ችግሩ አዲስ አይደለም፤ በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከ1981 እስከ 1987 እ.ኤ.አ. የታከሙ 176 ሴቶች ታሪክ በኢትዮጵያ ሜዲካል ጆርናል ወጥቷል። የ10 እጥፍ ልዩነቱን የሚፈጥረው ከቀዶ ሕክምናው በፊት ያለው ጊዜ ነው። ይህ ጊዜ በሐረር የሚባክንባቸውን ቦታዎች በቅደም ተከተል ማየት ይቻላል።

የመጀመሪያው ቤት ነው። ሕመሙ ሲጀምር ከጨጓራ፣ ከአሜባ፣ ከሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ወይም ከትርፍ አንጀት ጋር ይመሳሰላል። ደም ጠብ ሲል ደግሞ የወር አበባ የመጣ ይመስላል። ሴትየዋ «ወር አበባዬ አልቀረም» ብላ በእውነት ትመልሳለች። «ቀርቶብሽ ነበር ወይ?» የሚለው ጥያቄ ብቻ ስለዚህ አይበቃም፤ «የመጨረሻው እንደ ወትሮው ነበር ወይ? አንሶ ነበር? ዘግይቶ ነበር?» መባል አለበት። በሐረር ይህ ጥያቄ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሐረሪ እና በሶማሊኛ መጠየቅ አለበት፤ አማት ወይም ወንድም አጠገቧ ተቀምጦ የሚያስተረጉም ከሆነ ትክክለኛው መልስ ላይወጣ ይችላል።

ሁለተኛው መድኃኒት ቤት ነው። ማስታገሻና የጨጓራ መድኃኒት ሕመሙን ለአንድ ሌሊት ይሸፍኑታል። ከዚህ የከፋው እርግዝና ለማቋረጥ የሚሰጡ ክኒኖች ያለ ምርመራ ሲወሰዱ ነው። ክኒኖቹ ማህፀን ውስጥ ላለ እርግዝና የተሠሩ ናቸው፤ ቱቦ ውስጥ ላለው አይሠሩም። ከማህፀን ደም ሲወርድ ግን ነገሩ ያለቀ ይመስላል። ከቀናት በኋላ ቱቦው ሲፈነዳ ሴትየዋም ሆነች አጠገቧ ያለው ሰው የሚያስቡት ሌላ ነገር ነው። ክኒኑን የወሰደች ሴት የሆድ ሕመሟ ካልተወ ወይም ራሷን ካዞራት በዚያው ቀን ሆስፒታል መሄድና የወሰደችውን ሳትደብቅ መናገር አለባት።

ሦስተኛው መንገዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የተመዘገበው ጀጎል 48 ሄክታር ገደማ ስፋት ያለው፣ በግንብ የታጠረ አሮጌ ከተማ ነው። ከዋናዎቹ መንገዶች ውጪ ያሉት መተላለፊያዎች መኪና አያስገቡም። በሌሊት የታመመች ሴት ከግቢዋ እስከ ፈረስ መጋላ ወይም እስከ ቅርቡ በር ድረስ በሰው ተደግፋ ወይም ተሸክማ መውጣት አለባት፤ ከዚያ ባጃጅ ወይም አምቡላንስ ይገኛል። ርቀቱ አጭር ነው፤ ስለዚህ በከተማዋ ውስጥ የሚገድለው ርቀት ሳይሆን ለመነሳት የሚወስደው ጊዜ ነው። ከሐረሪ ክልል የገጠር ወረዳዎች ከሶፊ፣ ከኤረርና ከድሬ ጠያራ፣ ከዚያም አልፎ ከፈዲስ፣ ከጉርሱምና ከባቢሌ ለምትመጣው ግን ርቀቱ ራሱ አደጋ ነው።

አራተኛው ጤና ጣቢያው ነው። እዚህ ውሳኔውን የሚለውጠው ርካሹ ነገር የሽንት የእርግዝና ምርመራ ነው። ጥቂት ጠብታ ሽንት፣ አንድ ትንሽ ወረቀት፣ ጥቂት ደቂቃ ጥበቃ። ሁለት መስመር ከታየና ሆዷ የሚያማት ከሆነ፣ በማህፀኗ ውስጥ እርግዝና መኖሩ በአልትራሳውንድ እስኪታይ ድረስ ከማህፀን ውጪ እንደሆነ ተቆጥሮ መላክ አለባት። ምርመራው ቢኖርም ሳይታዘዝ የሚቀረው «አላረገዝኩም» ስለምትል፣ ያላገባች ስለሆነች ወይም የወሊድ መከላከያ ስለምትጠቀም ነው። ከሦስቱ አንዱም ምርመራውን ለመተው አይበቃም።

አምስተኛው ሆስፒታሉ በር ላይ ነው፦ ካርድ፣ ተረኛ ሐኪም፣ ደም፣ ፊርማ። የሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ የጤናና ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ ማስተማሪያ የሆነው ሕይወት ፋና እና በክልሉ ሥር ያለው ጀጎል ሆስፒታል የሚገኙት እዚሁ ከተማ ውስጥ ነው። አገሪቱ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ድንገተኛ ቀዶ ሕክምና የሚሠሩ የጤና መኮንኖችን ማሠልጠኗም ከትልልቅ ከተሞች ውጪ ያሉ ሆስፒታሎች የፈነዳ ቱቦን ወደ ሌላ ሳይልኩ እንዲያድኑ አስችሏል። ደሙ ግን ሁልጊዜ እንደተፈለገው አይገኝም። የደም አገልግሎት ከቀይ መስቀል ወደ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከተዛወረበት ከ2012 እ.ኤ.አ. ወዲህ በበጎ ፈቃድ ለጋሾች ላይ ለመመሥረት ተሠርቷል፤ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉና በጾም ወራት ግን መሰብሰቡ ይከብዳል። አንዳንድ ሆስፒታሎች ሆድ ውስጥ የፈሰሰውን ደም አጣርተው ለራሷ ለታካሚዋ ይመልሳሉ። ንጽሕናን የሚጠይቅ ቢሆንም ደም በጠፋበት ሌሊት ሕይወት ያድናል። ፊርማውን በተመለከተ፣ ለአካለ መጠን የደረሰች ሴት ስምምነት የራሷ ነው። ባል ከሥራ ቦታው እስኪመጣ መጠበቅ በሆድ ውስጥ የሚፈሰውን ደም አያቆመውም።

ሦስቱ የሕክምና መንገዶች እና የሚያስከፍሉት

ቱቦው ሳይፈነዳ ከተደረሰበት ምርጫ አለ። የመጀመሪያው መጠበቅ ነው፤ የእርግዝና ሆርሞን መጠን ዝቅተኛ ሆኖ በራሱ እየወረደ ከሄደ፣ ሕመም ከሌለና ክትትሉ አስተማማኝ ከሆነ ብቻ የሚሠራ።

ሁለተኛው ሜቶትሬክሴት የተባለ መርፌ ነው። መድኃኒቱ በፍጥነት የሚባዙ ሴሎችን ዕድገት ያቆማል፤ ስለዚህም ጽንሱ ከስሞ ቱቦው ይተርፋል። ለዚህ መንገድ የምትመረጠው ያልደማች፣ የሆርሞን መጠኗ ከፍ ያላለ፣ የጽንሱ የልብ ምት ያልታየ፣ ጉበቷና ኩላሊቷ ጤናማ የሆነች ሴት ናት። ሆድ አይከፈትም፤ ጠባሳ የለም። ዋጋው ግን ክትትሉ ነው። በደሟ ያለው የሆርሞን መጠን በ4ኛውና በ7ኛው ቀን ይለካል፤ በእነዚህ ሁለት ቀናት መካከል ቢያንስ 15 በመቶ መውረድ አለበት፤ ከዚያም ሆርሞኑ እስኪጠፋ በየሳምንቱ ይቀጥላል። ሆርሞኑ እየወረደ እያለም ቱቦው ሊፈነዳ ይችላል። በከተማዋ ወረዳዎች በሸንኮር ወይም በአቦከር ለምትኖር ሴት ይህ ይቻላል። በጉርሱም ገጠር ለምትኖር፣ ለእያንዳንዱ ምልልስ የትራንስፖርት ገንዘብና ፈቃድ ለሚያስፈልጋት ሴት ግን «ቀላሉ» ሕክምና ከቀዶ ሕክምናው የበለጠ አደገኛ ሊሆን ይችላል። የሕክምና መጽሐፍ በሚያስቀምጠው መስፈርት ላይ በሐረር አንድ ጥያቄ መጨመር አለበት፦ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ሕመሙ ቢብስባት በምን ትመጣለች?

ሦስተኛው ቀዶ ሕክምና ነው። ቱቦው ከፈነዳ ያለው ምርጫ ይህ ብቻ ነው። በትናንሽ ቀዳዳዎች በካሜራ የሚሠራው ዘዴ በብዙ አገሮች የተለመደ ሲሆን በአገራችን ገና በጥቂት ሆስፒታሎች ነው ያለው፤ አብዛኛው የሚሠራው ሆድ ተከፍቶ ነው። ሌላው ውሳኔ ቱቦውን ሙሉ በሙሉ ማውጣት ወይስ ጽንሱን ብቻ አውጥቶ ማስቀረት የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በላንሴት የታተመ ትልቅ ጥናት ሁለተኛው ቱቧቸው ጤናማ የሆነ ሴቶችን በ3 ዓመት ውስጥ ተከታትሎ፣ ቱቦው ከቀረላቸው 60.7 በመቶ፣ ከወጣላቸው 56.2 በመቶ ያለ ተጨማሪ ሕክምና ማርገዛቸውን አሳይቷል፤ ልዩነቱም በስታቲስቲክስ ደረጃ ትርጉም ያለው አልነበረም። ቱቦው ሲቀር ደግሞ የጽንሱ ቅሪት ማደጉን ሊቀጥል ስለሚችል ተጨማሪ ክትትል ያስፈልጋል። ስለዚህ ሌላኛው ቱቦ ጤናማ ሲሆን የተጎዳውን ማውጣት የሴትየዋን ተስፋ መቁረጥ ማለት አይደለም።

ከሆስፒታል ከወጣች በኋላ

የወለደች ሴት አራስ ናት፤ ገንፎው፣ አጥሚቱ፣ ጠያቂው፣ ዕረፍቱ በባህሉ ተደንግጎላታል። ጤና ተቋሙም ከወሊድ በኋላ ቀጠሮ ይሰጣታል። ከማህፀን ውጪ ከተፈጠረ እርግዝና የዳነች ሴት ግን እንደ አራስ የሆድ ቁስልና የደም ማነስ ይዛ፣ ያለ ልጅና ያለ አራስ ቤት ትመለሳለች። በሐረሪዎች ዘንድ አፎቻ፣ በሌላው ነዋሪ ዘንድ ዕድር ለታወቀ ሐዘን ፈጥኖ ይደርሳል፤ ቀብር የሌለው ሐዘን ግን አፎቻም ዕድርም አይጠራም። ማገገሙ ስለዚህ በሦስት ነገር ተከፍሎ መታየት አለበት።

አካሉ። ሆድ ተከፍቶ ከተሠራ ሙሉ ለሙሉ ለማገገም ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። በዚህ ጊዜ ጀሪካን፣ የጫት እስር፣ የእህል ከረጢት አይነሳም። ትኩሳት፣ የቁስል መግል፣ እየባሰ የሚሄድ የሆድ ሕመም ወይም ራስን መሳት ሲመጣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ መመለስ ያስፈልጋል። የጠፋው ደም በምግብ ብቻ ቶሎ አይመለስም፤ የአይረን ክኒን ለ3 ወር ያህል ይወሰዳል። ምስር፣ ሥጋ፣ ጉበትና ጎመን ይጠቅማሉ፤ ቡና፣ ሻይና ከቡና ቅጠል የሚፈላው ቁጢ ግን ሰውነት አይረን እንዳይወስድ ስለሚያግዱ ከክኒኑና ከምግቡ ቢያንስ 1 ሰዓት ርቀው ቢጠጡ ይመረጣል። የደም ዓይነቷ ኔጌቲቭ የሆነች ሴት ለቀጣዩ እርግዝና የሚጠብቃት መርፌ በ72 ሰዓት ውስጥ ያስፈልጋት እንደሆነ ከመውጣቷ በፊት መጠየቅ አለባት።

ቀጣዩ እርግዝና። የወር አበባ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ይመለሳል፤ ፅንስ ግን ከዚያም በፊት ሊፈጠር ይችላል። ሜቶትሬክሴት የወሰደች ሴት ለ3 ወር ማርገዝ የለባትም፤ በሕክምናው ወቅት ፎሊክ አሲድ መውሰዷን ታቆማለች፤ ለማርገዝ ስትዘጋጅ እንደገና ትጀምራለች። የወሊድ መከላከያ መጠቀም ለዚህ ጊዜ ይረዳታል፤ ቱቦዋን አይጎዳም። «አንድ ቱቦ ተቆርጧል» የሚለው ወሬ ልጅ አለመውለድ ለፍቺ ምክንያት በሚሆንበት ቤት ከባድ ነው። እውነቱ ግን አንድ ጤናማ ቱቦ ለእርግዝና እንደሚበቃ፣ እንዲያውም በሌላው ወገን ያለውን እንቁላል መቀበል እንደሚችል ነው። ችግሩ የመደገም ዕድሉ ከአንድ ጊዜ በኋላ 10 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ ሌላ ጊዜ ስታረግዝ 6ኛው ሳምንት ላይ አልትራሳውንድ መታየት አለባት፤ ደህና ብትሆንም እንኳ። ሁለቱም ቱቦዎች ለተጎዱባቸው ሴቶች ከአካል ውጪ የሚደረግ ፅንስ ማዋሃድ አማራጭ ነው፤ በመንግሥት ሆስፒታል ይህ አገልግሎት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2019 በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ነው። ለሐረር ሴት ርቀቱ 525 ኪሎ ሜትር ነው።

ልቡ። በለንደን ሆስፒታሎች የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት፣ እርግዝናቸው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከተቋረጠ ወይም ከማህፀን ውጪ ከነበረ ሴቶች 29 በመቶ የሚሆኑት ከ1 ወር በኋላ የአሰቃቂ ክስተት ጭንቀት ምልክት እንደታየባቸው፣ ከ9 ወር በኋላም 18 በመቶ በዚያው ላይ እንደነበሩ አሳይቷል። ሴትየዋ በአንድ ቀን ሁለት ነገር ደርሶባታል፤ ፅንሷን አጥታለች፣ ራሷም ከሞት አፋፍ ተመልሳለች። ሌሊት መባነን፣ ሆስፒታሉን ማየት አለመቻል፣ እንደገና ማርገዝን መፍራት ድክመት አይደለም። ባልም ያዝናል፤ ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው ሰው የለም። «ተመስገን ተርፈሻል፣ ሌላ ትወልጃለሽ» የሚለው ማጽናኛ ቅን ቢሆንም የደረሰባትን አይነካም። የሚረዳው ሐዘኗን ሐዘን ብሎ መጥራት፣ የቤት ሥራውን ተረክቦ ማሳረፍ፣ ምልክቱ ከሳምንታት ካለፈ ደግሞ ወደ አእምሮ ሐኪም መውሰድ ነው።

ሦስት ሊሆኑ የሚችሉ ሁኔታዎች

የመጀመሪያው ነገሮች ባሉበት መቀጠላቸው ነው። ቀዶ ሕክምና የሚሠራ ባለሙያ እየበዛ ስለሚሄድ ሞቱ ቀስ እያለ ይቀንሳል። ነገር ግን ሴቶች ከፈነዳ በኋላ መምጣታቸው ስለማይቀር ቱቦ ማጣቱ፣ ደም መፈለጉና ከባዱ ማገገም አብረው ይቀጥላሉ።

ሁለተኛው መሣሪያ ብቻ መብዛቱ ነው። የአልትራሳውንድ ማሽን በግል ክሊኒኮች መስፋፋቱ መልካም ነው፤ ግን የራሱ አደጋ አለው። በ5ኛው ሳምንት በማህፀን ውስጥ ምንም አለመታየቱ ጤናማው እርግዝና ገና ትንሽ ስለሆነ ሊሆን ይችላል። የሆርሞን መጠኑ በ48 ሰዓት ልዩነት ሁለት ጊዜ ሳይለካ፣ በአንድ ምስል ብቻ ሜቶትሬክሴት ከተሰጠ የሚፈለግ ጤናማ ፅንስ ሊጠፋ ይችላል። በተቃራኒው «ምንም የለም» ተብላ ያለ ቀጠሮ የተሸኘች ሴት ከሳምንት በኋላ ቱቦዋ ፈንድቶ ልትመለስ ትችላለች። መሣሪያው የሚጠቅመው ከላቦራቶሪና ከቀጠሮ ጋር ሲያያዝ ነው።

ሦስተኛው የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት እርግዝና ለብቻው የሚያይ አገልግሎት መክፈት ነው። ብሪታኒያ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ይህን በሆስፒታሎቿ አስፋፍታለች። ለሐረር አዲስ ሕንፃ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው በአንዱ ሆስፒታል በየጠዋቱ የተወሰነ ሰዓት፣ አንድ የሠለጠነ አዋላጅ ወይም ሐኪም፣ አልትራሳውንድ፣ በዚያው ቀን የሚወጣ የሆርሞን ውጤት፣ የቀረችን ሴት የሚያስታውስ ስልክ ነው። ጤና ጣቢያዎች ሆዷን የሚያማትን በመውለድ ዕድሜ ላይ ያለች ሴት ሁሉ በሽንት ይመረምራሉ፤ አጠራጣሪዋን ስልክ ደውለው ይልካሉ። ስትወጣም የትኛው ቱቦ እንደተነካ፣ ሌላኛው ምን እንደሚመስል፣ የደም ዓይነቷ፣ የሄሞግሎቢን መጠኗ፣ የሚቀጥለው ቀጠሮና «በሚቀጥለው እርግዝና በ6ኛው ሳምንት ትታይ» የሚለው ትእዛዝ የተጻፈበት አንድ ወረቀት ይዛ ትሄዳለች። ያ ወረቀት ሌላ ከተማ ብትሄድም ታሪኳን ይዞላት ይሄዳል።

የዚህ መንገድ ደካማ ጎን የሰው ኃይል ነው፤ ለማዋለጃ ክፍሉ ከማይበቃው ቁጥር ላይ ለሌላ ሥራ መቁረጥ ይጠይቃል። የምርመራ ዕቃ ሲያልቅም አገልግሎቱ ስሙ ብቻ ይቀራል። ቢሆንም በሌሊት ከሚደረግ አንድ ድንገተኛ ቀዶ ሕክምና፣ ከሚሰጠው ደምና ከአልጋ ቆይታው ጋር ሲመዘን ወጪው ትንሽ ነው።

ድምር ግምገማ

ከሦስቱ የመጀመሪያው የሚሆን ይመስላል፤ ሦስተኛው ግን የሚቻል ነው። ሐረር ትንሽ ከተማ ናት፤ ሆስፒታሎቿ፣ ኮሌጇና የደም ባንኳ እርስ በርስ ቅርብ ናቸው፤ የአፎቻ ሴቶችና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቤቱ መግቢያ አላቸው። በአገሪቱ ይህን ለመሞከር ከሷ የተሻለ አመቺ ቦታ ብዙ የለም። የእናቶች ጤና ሥራ ከምጥ ቀን ወደ ኋላ ተመልሶ እስከ መጀመሪያው ሳምንት ካልደረሰ፣ የቀረውን ሞት መቀነስ እየከበደ ይሄዳል።

ሥርዓቱ እስኪለወጥ ድረስ አንባቢ ሊያደርገው የሚችለው ነገር አለ። በቤታችሁ ያለች ልትወልድ የምትችል ሴት ሆዷን አሟት የወር አበባዋ ከቀረ፣ ከዘገየ ወይም እንደ ወትሮው ካልሆነ፣ ያገባችም ትሁን ያላገባች፣ መከላከያ ብትጠቀምም ባትጠቀምም፣ በዚያው ቀን የሽንት ምርመራ ታድርግ። ካዞራት፣ ከገረጣች ወይም ትከሻዋን ካመማት ጠዋትን አትጠብቁ፤ ወደ ሆስፒታል ውሰዷት። ድና ስትመለስም ለ6 ሳምንት እንደ አራስ ተንከባከቧት።